የፕሮሞንተሪን ነጎድጓድ ለመቅዳት ያደረግኳቸው ሦስት ሙከራዎች

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እናቴ ሰሞኑን በስልክ የነገረችኝ አንድ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2025 በዩታ ግዛት ፕሮሞንተሪ በሚባለው ስፍራ የተካሄደውን የሮኬት ሞተር የመሬት ላይ ሙከራ ድምፅ ቀድቼ ወደ አዲስ አበባ ልኬላት ነበር፤ እኅቴ ቤት ባለው ትልቅ ስፒከር ካዳመጠችው በኋላ «አሁንስ የሐምሌ ነጎድጓድ መሰለ» አለችኝ። በ2016 የመጀመሪያውን ቀረጻዬን በላክሁላት ጊዜ ግን «ይሄ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ያን ጊዜ የሰማችው ከወፍጮ ድምፅ ብዙም የማይለይ ስለነበረ አልፈረድኩባትም። ከወፍጮ ወደ ነጎድጓድ ለመድረስ ዘጠኝ ዓመትና ሦስት ሙከራ ስለፈጀብኝ፣ እንደ እኔ ከቤት ውጪ ድምፅ ለምትቀዱ ወዳጆቼ የተማርኩትንም የተሳሳትኩትንም ባካፍላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ቦታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልግለጸው። ከምኖርበት ከሶልት ሌክ ሲቲ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተነዳ በኋላ፣ ከታላቁ የጨው ሐይቅ በስተሰሜን ባለው ደረቅና ገላጣ ሜዳ ላይ የኖርዝሮፕ ግራማን የጠጣር ነዳጅ ሞተሮች ፋብሪካ ይገኛል። በ1869 የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ ያገናኘው የባቡር ሐዲድ መጨረሻው የወርቅ ሚስማር የተመታበት ስፍራም እዚያው አቅራቢያ ነው። ለጨረቃ ጉዞ የሚያገለግለው ሮኬት በግራና በቀኝ የሚታዘሉት ግዙፍ ሞተሮች የሚሞከሩት በዚህ ሲሆን፣ ትልቅ ሙከራ በሚኖርበት ቀን በ83ኛው የግዛት መንገድ ዳር ለሕዝብ በተፈቀደው ስፍራ ሰዎች በሺዎች እየሆኑ ይሰበሰባሉ። ታጣፊ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ የውኃ ማቀዝቀዣ ሣጥንና ሕፃናት በየመኪናው ጎን ይታያሉ። ሞተሩ አይወነጨፍም፤ ከግዙፍ የኮንክሪት ግንብ ጋር ተጠፍሮ በጎኑ እንደተጋደመ፣ እሳቱን ወደ ኮረብታው እየተፋ ለሁለት ደቂቃ ይነድዳል። እስከ 2022 ድረስ ይሞከር የነበረው ባለ አምስት ክፍሉ ሞተር ርዝመቱ 47 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በየሰከንዱ ከአምስት ቶን በላይ ነዳጅ እያቃጠለ ወደ 16 ሚሊዮን ኒውተን የሚጠጋ ግፊት ያመነጫል።

የማይበር ሮኬት ለማየት ይህን ያህል መንገድ መሄድ ምን ይጠቅማል ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን፣ በተለይ ለድምፅ ሰው፣ ከማስወንጨፊያ ጣቢያ ይልቅ የመሬት ሙከራ ይበልጣል ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። የሚወነጨፍ ሮኬት ድምፁ ደርሶ ከፍ ባለ ማግሥት እየራቀ ይሄዳል፤ ለሕዝብ ክፍት የሆኑት ስፍራዎችም ብዙ ኪሎ ሜትሮች ይርቃሉ። እዚህ ግን የድምፁ ምንጭ ለሁለት ደቂቃ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ እናንተም ሳትነቃነቁ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ከዚህ የተሻለ የመማሪያ አጋጣሚ አላውቅም።

ከሁሉ በፊት የሚያስደንቀው ዝምታው ነው። ነበልባሉ ይፈነጥቃል፣ ነጩ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጭስ ኮረብታውን ጠቅልሎ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ሆኖም ምንም አይሰማም። በልጅነታችን መብረቅ ሲበርቅ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ እንቆጥር እንደነበረው እኔም ቆጠርኩ፤ ከቆምኩበት ቦታ ሰባት ሰከንድ ሆነ። በ30 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 349 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ርቀቱ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል ማለት ነው። በ2025ቱ ቀረጻ ላይ በእነዚህ ሰባት ሰከንዶች ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው የስምንት ዓመት ልጄ ድምፅ ነው፤ «አባባ፣ ተበላሸ እንዴ?» ትላለች፤ መልስ ሳልሰጣት መሬቱ መለሰላት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ብዙ የሚባልለት አይደለም። ሰኔ 28 ቀን 2016 የሞተሩ ነዳጅ ሆን ተብሎ ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ከቀዘቀዘ በኋላ የተካሄደ ሙከራ ነበር፤ በቀደመው ዓመት ደግሞ ተመሳሳይ ሞተር ወደ 32 ዲግሪ ተሞቆ ተሞክሯል። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ1986 በቀዝቃዛ ማለዳ ተነሥታ፣ በብርድ የደረቀው የመገጣጠሚያ ጎማ እሳት በማሳለፉ ሰባት ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ሙቀትና ብርድ በእነዚህ ሞተሮች ላይ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚታይ ለማሰብ ይህ ብቻ ይበቃል። በዚያን ዕለት ሙከራው አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ። እኔ የያዝኩት ስልኬን ብቻ ነበር፤ ስልክ ደግሞ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ራሱ ይቀንሳል፣ ሲያልፍ ራሱ ይጨምራል። ስለዚህ የሰው ጩኸትና የሞተሩ ነጎድጓድ በአንድ ከፍታ ተደፍጥጠው ወጡ። በስልክ ለመቅዳት ለምታስቡ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ቪዲዮውን ቅረጹበት፣ ድምፁን ግን አትጠብቁበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ ከነፋስ ጋር ያደረግሁት ትግል ነው።

ለሐምሌ 21 ቀን 2022 ሙከራ አንዲት የእጅ ድምፅ መቅጃ ገዝቼ፣ ጌይኑን፣ ማለትም መቅጃዋ ድምፁን የምታጎላበትን መጠን፣ በእጄ አስተካክዬ፣ ባትሪ ሞልቼ ሄድኩ። ማለዳ ላይ ሜዳው ጸጥ ያለ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ተነሣ፤ በጆሮ ማዳመጫዬ የሚሰማኝም የብርድ ልብስ እንደሚያራግፉ ያለ «ቡፍ፣ ቡፍ» ሆነ። ተደናገጥኩና በመቅጃዋ ላይ ያለውን፣ ከ80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠውን ፊልተር ከፈትኩት። ነፋሱ ወዲያው ጠፋልኝ፤ ደስም አለኝ። ሞተሩ ተቀጣጥሎ ድምፁ ሲደርስ ደረቴ ውስጥ እንደ ከበሮ ተመታ፣ የሱሪዬ ጨርቅ ተርገበገበ፣ የመኪናዬን በር ስነካው ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳዳምጠው ግን ያ ሁሉ የለም። ፉጨትና ሹክሹክታ የተቀላቀለበት፣ ከላይ ከላዩ ብቻ የተረፈ ድምፅ ነበር። ደጋግሜ ብሰማውም ያው ነው፤ ፊልተሩ ነፋሱን ብቻ ሳይሆን ሮኬቱንም ቆርጦት ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ማንበብ ነበረብኝ። የሮኬት ድምፅ የሚወለደው ከሞተሩ አፍ ላይ ሳይሆን፣ ከአፉ ርቆ የሚፈተለከው ጋዝ ከጸጥተኛው አየር ጋር ሲደባለቅ ነው፤ ነበልባሉ ግዙፍ በሆነ መጠን ድምፁም ወደ ታች ይወርዳል። የእንዲህ ያለ ሞተር ድምፅ አብዛኛው ኃይል ያለው በጣም ዝቅተኛ በሆነው ክፍል ሲሆን፣ ከፊሉም ጆሮ ከሚሰማው ከ20 ኸርዝ በታች ወርዶ በአካል ብቻ የሚታወቅ ነው። ነፋስ በማይክሮፎን ላይ የሚፈጥረው ሁከትም በዚያው ክፍል ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለቱ በአንድ ቤት የሚኖሩ ስለሆኑ ፊልተር አይለያቸውም። ነፋሱን ማይክሮፎኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ማስቆም ነው እንጂ፣ ከገባ በኋላ ማስወጣት አይቻልም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ለመረዳት አንድ ሙሉ ሙከራ ከሰርኩ፤ ቀጣዩን አጋጣሚ ለማግኘትም ሦስት ዓመት ጠበቅሁ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከምሁራኑ አሠራር ነው። በዚሁ በዩታ የሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ተመራማሪዎች የሮኬት ድምፅ ሲለኩ ማይክሮፎናቸውን በረጅም እግር ላይ ከመስቀል ይልቅ ከመሬት ጋር አስጠግተው፣ በላዩ ላይ የነፋስ መከላከያ ይደፉበታል። መሬት ላይ ነፋሱ ደካማ ነው፤ በዚያ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ማይክሮፎን በቀጥታ የሚመጣውንና ከመሬት ነጥሮ የሚመለሰውን ድምፅ በተለያየ ጊዜ ስለሚቀበል፣ አንዱ ሌላውን ያጠፋበታል። እኔም ስልሳ ሳንቲ ሜትር በስልሳ የሆነ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ከጣውላ ቤት ገዛሁ፤ መሃሉ ላይ ማይክሮፎኑን አስተኛሁት፣ በግማሽ የተቆረጠ ትልቅ የስፖንጅ ኳስ ደፋሁበት፣ በስፖንጁ ላይ ደግሞ ጸጉራም ሽፋን አለበስኩት። ፊልተሩን ዘግቼ፣ እንዳይነካካ ማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ከመኪናዎቹ አርባ እርምጃ ያህል ርቄ፣ በቁጥቋጦ መካከል ያለች ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ መርጬ አስቀመጥኩት። መኪና አጠገብ አታስቀምጡ፤ ነፋሱን የሚከልል ይመስላል እንጂ ድምፁን እያንጸባረቀ ያበላሻል፤ ቆርቆሮውም ራሱ ይንቀጠቀጣል።

ስለ ጌይን ብዙ ትከራከራላችሁና የእኔን አቋም ልናገር። የመኪና በር እያጋጩ ጌይን መለካት ከንቱ ነው። በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ሆናችሁ በተለመደ ድምፅ ስታወሩ የመቅጃው መለኪያ ጨርሶ ሊንቀሳቀስ የማይዳዳ እስኪሆን ድረስ ጌይኑን ዝቅ አድርጉት፤ ዝቅ ያለውንም ድምፅ በዝርዝር በሚይዘው በ24 ቢት ከቀዳችሁ በኋላ ማሳደግ ምንም አያስቸግርም። ሊሚተር የሚባለውን፣ ከወሰን ያለፈ ድምፅን ራሱ የሚጫነውን ማስተካከያ፣ ጨርሶ አትክፈቱት። የትልቅ ሮኬት ድምፅ ውስጥ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ሹል የመሰንጠቅ ድምፅ አለ፤ የሚመጣውም ግፊቱ በድንገት ሽቅብ ከሚዘልባቸው ቅጽበቶች ነው፤ ሊሚተር የሚደፈጥጠውም እነዚያኑ ጫፎች ነው። ባለ 32 ቢት መቅጃ ከገዛን ጌይን አያሳስበንም የምትሉ ወዳጆች ደግሞ አንድ ነገር ዘንግታችኋል። መቅጃው ቢሸከመው እንኳ ማይክሮፎኑ ራሱ ሊሸከመው የሚችለው ግፊት ወሰን አለው፤ ማይክሮፎኑ ላይ የተቆረጠ ጫፍ በምንም ቢት አይመለስም። ገንዘባችሁን ኃይለኛ ድምፅ በሚችል ማይክሮፎንና በነፋስ መከላከያ ላይ አውሉት።

የምናዘዘው ነገርም አለኝ። በ2022 ሁለቱን ደቂቃ ሙሉ ያሳለፍኩት አንገቴን ደፍቼ የመቅጃዋን መለኪያ በማየት ነው። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንባቸውን ሲጠርጉ በጨረፍታ አየሁ፤ ነበልባሉን ግን ያየሁት ማታ በሰው ቪዲዮ ነው። ስለዚህ በ2025 መቅጃውን ሙከራው ከሚጀመርበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ከፍቼ፣ ትቼው ወደ ልጄ ተመለስኩ። ቀድሞ መክፈት ባትሪ ይበላል፤ ሆኖም ሞተሩ እስኪቀጣጠል ድረስ ያለው የወደ ኋላ ቆጠራ በየጊዜው ሊቆም ስለሚችል የግድ ነው። በነሐሴ 2009 የመጀመሪያው ባለ አምስት ክፍል ሞተር ሊሞከር 20 ሰከንድ ሲቀረው በመሣሪያ ብልሽት ተቋርጦ፣ ተመልካቹ ሁሉ ሳያይ ተመልሷል፤ ሙከራው የተካሄደው ሁለት ሳምንት ቆይቶ መስከረም 10 ቀን ነበር። ለልጆች ጆሮ የሚሆን መከላከያ መያዝን በተመለከተ ግን ምንም ክርክር አልቀበልም፤ የእኔዋ ከመኪና ከመውረዷ በፊት አድርጋዋለች።

የ2025ቱ ሞተር አዲስ ዓይነት ነበር፤ በብረት ምትክ አካሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ግፊቱም ከቀደሙት የሚበልጥ። ቀረጻው እስካሁን ከቀዳሁት ሁሉ የተሻለ ነው፤ መጀመሪያ መሬቱን የሚያንቀሳቅሰው ወፍራሙ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ አቡጀዲው ይቀደዳል፣ ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ። በስልክና በላፕቶፕ ስፒከር ግን አትስሙት፤ ወፍራሙን ክፍል ማውጣት ስለማይችሉ እናንተም ወፍጮ ቤት ነው ትላላችሁ።

አሁን የያዘኝ ሥራ ሌላ ነው። በዚያ ሙከራ ማብቂያ አካባቢ የሞተሩ የነበልባል ማውጫ አፍ ተሰባብሮ ፍንጥርጣሪው ሲበተን በቪዲዮ በግልጽ ይታያል፤ ሞተሩ ግን እስከ መጨረሻው ነድዷል። ያ ቅጽበት በድምፁ ላይ ምን ለውጥ እንዳመጣ ለመስማት፣ በቪዲዮው ላይ ያለውን ሰዓት ወስጄ ሰባት ሰከንድ ጨምሬበት በቀረጻዬ ላይ ፈለግኩ። ልክ በዚያ ቦታ ላይ ከኮረብታው ወገን የመጣ ጠንካራ ነፋስ ስፖንጁንም ጸጉሩንም አልፎ ገብቷል፤ ለሦስት ሰከንድ ያህል ከ40 ኸርዝ በታች ያለው በሙሉ የነፋስ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ለይቼ በየቀኑ ማታ ማታ እየሰማሁት ነው፤ የመሰንጠቁ ድምፅ የሳሳ ይመስለኛል፣ ነገር ግን ገና አላመንኩም። ለሚቀጥለው ሙከራ ሁለት ሰሌዳ በሃያ እርምጃ ልዩነት ለማስቀመጥ ሁለተኛውን ኮምፔንሳቶ ከወዲሁ አስቆርጫለሁ፤ አንዱን የመታ ነፋስ ሌላውን በዚያው ቅጽበት ላይመታው ይችላልና።