ልጄን የተጠናከረው የንባብ ክፍል ከማስገባቴ በፊት ያደረግሁት

ደብዳቤውን ያገኘሁት ከልጄ ቦርሳ ሥር ተጨማዶ ነው። በንባብ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ስላመጣች ለ3ኛ ክፍል ወደተዘጋጀው የተጠናከረ የንባብና የጽሕፈት ፕሮግራም እንድትገባ ተመርጣለች፤ ፈቃደኛ ከሆኑ ፈርመው ይመልሱልን ይላል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ወዲያው እስክሪብቶ አነሣሁ። ልፈርም ስል ግን ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አንድም ነገር እንደማላውቅ ታወቀኝ። ሊያስፈርመኝ የነበረው «የተጠናከረ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

በማግሥቱ ለመምህርቷ ያቀረብኩት ጥያቄ «ጎበዝ ናት ወይ?» የሚል አልነበረም። «ፈተናው የለካው ምኑን ነው?» አልኳቸው። በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃል በትክክል እንደምታነብ ተቆጥሯል፤ ከዚያ ቃላትን ከትርጉማቸው ጋር አዛምዳለች። በቃ። አቀላጥፎ ማንበብ ትልቅ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ለማንበብ የሚታገል ልጅ ለሐሳቡ የሚተርፍ ጉልበት አይኖረውም። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ግን ረጅም ታሪክ አንብቦ መወያየትና በየሳምንቱ መጻፍ ነው። ፈተናው አንዱን ለክቶ ለሌላው መርጧታል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ማታ ራሴ አየኋት። በመጀመሪያው ማታ አይታው የማታውቀውን ስለ ንብ የሚናገር አንድ ገጽ ሰጠኋት። እንደ ውኃ ጠጣችው። መጽሐፉን ዘግቼ «ንቦቹ ለምንድን ነው የሚጨፍሩት?» አልኳት። ከገጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ደገመችልኝ። ንቧ በጭፈራዋ አበባው በየት አቅጣጫና ምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ለጓደኞቿ እንደምትነግር ግን አልገባትም፤ በቃላቱ ላይ ብቻ አልፋበታለች።

ደነገጥኩ። በሁለተኛው ማታ እሷ ትስማ፣ እኔ ላንብብ ብዬ ከዕድሜዋ ከፍ ያለ ታሪክ መረጥኩ። ያቺው ልጅ መሃል ላይ አስቁማኝ «ይሄ ሰውዬ እየዋሸ ነው አይደል?» አለችኝ። መጨረሻውን ቀድማ ገመተች፤ ሲያልቅም ከዳር እስከ ዳር መልሳ ተረከችልኝ። ችግሩ መረዳቱ ላይ አልነበረም። ሰዓት ተይዞባት ማንበብ ስለለመደች ንባብን ሩጫ አድርጋዋለች። «ቀስ በይ፣ የሚቆጥርብሽ የለም» ብዬ የንቡን ገጽ በለሆሳስ እንድትደግመው ሳደርግ ጭፈራው ገባት።

ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 ያቀረቡት ሐሳብ የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላሉ፦ የተጻፈውን ቃል መለየትና ቋንቋውን በጆሮ ሰምቶ መረዳት። ብዜት ስለሆነ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ለወላጅ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ አንዴ ልጁ ሲያነብ፣ አንዴ ሲነበብለት ማየት ብቻ የትኛው እንደሚጎድለው ይጠቁማል። ሲነበብለት ሁሉን የሚረዳ፣ ራሱ ሲያነብ ግን የሚንተባተብ ልጅ ካለ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የንባብ ድጋፍ ነው። ሆኖም ከውይይቱ ሊገለል አይገባም፤ ሐሳቡ የተራበው ያንን ነውና።

በሦስተኛው ማታ አሥር ደቂቃ ሙሉ ያወራችልኝን ታሪክ ጻፊው አልኳት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋ እርሳሱን አስቀመጠች። ደካማ ጎኗ እዚህ ነበር፤ ፈተናውም ደብዳቤውም አላነሡትም።

ከዚያ ክፍሉን ለማየት ፈቃድ ጠየቅሁ። ስለ ፕሮግራሙ በቃል ብዙ ነገሩኝ፤ እኔ ግን የልጆቹን ደብተር አሳዩኝ አልኩ። በደብተሩ ላይ አንድ ልጅ ያንኑ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ሲያሻሽለው፣ መምህርቷም ከስሕተት እርማት ይልቅ «ወንድሙ ለምን ዝም አለ?» ዓይነት ጥያቄ በጎን ሲጽፉለት አየሁ። እዚያ ላይ ልቤ ረጋ። የሚያነቡትንም ተመለከትኩ፤ ስለ እንስሳት፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ጥንት ሰዎች ሆኖ አንዱ ርእስ ለሳምንታት ይቆያል። ይህን ቀላል ነገር አላደርገውም። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ በ1988 ባሳተሙት ጥናት ስለ ቤዝቦል ብዙ የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች የአንድን ጨዋታ ታሪክ፣ ስለ ቤዝቦል ብዙም ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች የበለጠ ተረድተውት ነበር። ልጅ ዓለምን ባወቀ ቁጥር የሚያነበው ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ «ዋናውን ሐሳብ አውጣ» ብቻ የሚል ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር።

ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። አንደኛ፣ ክፍለ ጊዜው የሚወሰደው ከሥዕል ላይ ነው፤ ልጄ ደግሞ ሥዕል ነፍሷ ነው። ሁለተኛ፣ «አንድ ልጅ ባይስማማው እንዴት ይወጣል?» ስላቸው «እስካሁን የወጣ የለም» አሉኝ። ይህ መልስ አላጽናናኝም። መውጫው ያልታሰበበት ክፍል ውስጥ ልጅ ቢጨነቅ ማን ያያል?

ልጄን የጠየቅሁበት መንገድም ስሕተት ነበረበት። «ጎበዞች የሚማሩበት ክፍል መግባት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ከዚህ በኋላ ማን አልፈልግም ይላል? አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ውላ ስትመጣ ጥያቄዬን ቀየርኩት፦ «ዛሬ ምኑ አሰለቸሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ወሬው ደስ ይላል እማዬ፤ ስጽፍ ግን እጄ ከአፌ ኋላ ይቀራል» አለችኝ። ከሁሉም ፈተና የበለጠ የነገረኝ ይህ ነው።

ፈረምኩ፤ ግን ሁለት ነገር አስይዤ። ከመጻፏ በፊት ሐሳቧን በቃል እንድትናገርና ቁልፍ ቃላቱ ብቻ እንዲያዙላት፣ በ6ኛው ሳምንት ደግሞ ተቀምጠን እንድንገመግም። መምህርቷ ሁለቱንም በደስታ ተቀበሉ።

እኔ ስጠብቅ የነበረው ምልክት ውጤቷ አልነበረም። ከመተኛቷ በፊት ማንም ሳያዛት መጽሐፍ ታነሣለች ወይ? የሚለው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተወችው። መጀመሪያ ደክሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ሳጣራ ምክንያቱ የንባብ መዝገቡ ሆነ፦ ቤት ያነበበችውን ሁሉ ስንት ገጽ እንደሆነ መመዝገብ፣ ከሥሩም አሳጥሮ መጻፍ። የማታው መጽሐፍ የቤት ሥራ ሆኖባታል። ሄጄ ተናገርኩ፤ መዝገቡ ለክፍል ንባብ ብቻ እንዲሆንላት ተስማማን። ከጥቂት ቀን በኋላ መብራት ላጠፋ ስገባ ብርድ ልብሱ ሥር መጽሐፍ ይዛ አገኘኋትና አምፖሉን ሳልነካ ወጣሁ።

በ6ኛው ሳምንት ግምገማ እንድትቀጥል ተስማምተናል። ጽሑፏ አሁንም አጭር ነው፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር ግን አልፏል። የሥዕሉ ነገር ግን አልተፈታም። ለሚቀጥለው ዓመት የክፍለ ጊዜው ድልድል ከመውጣቱ በፊት ፕሮግራሙ ከሥዕል ጋር እንዳይጋጭ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።