ሠረገላው የቱ ጋ ነው?

ፍልስፍናዎችን ማነጻጸር ስጀምር ደብተሬን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፦ ህንድ፣ ግሪክ፣ አውሮፓ። ጥያቄዬ አንድ ነበር። «እኔ» የምለው ነገር በእርግጥ አለ ወይ? የየሀገሩን መልስ ሞልቼ ላወዳድር አሰብኩ።

ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሩ ተበላሸ። ያነበብኩት ንጉሥ ሚሊንዳ ከቡድሂስቱ መነኩሴ ናጋሴና ጋር ሲከራከሩ ነው። ሚሊንዳ ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ የነገሠው ግሪካዊው ሜናንድሮስ ነው። የት ዓምድ ላስገባው?

መነኩሴው «ንጉሥ ሆይ፣ በእግርዎ ነው የመጡት?» ይላሉ። «በሠረገላ» ይላል ንጉሡ። «ሠረገላው የቱ ነው? መንኮራኩሩ? ዘንጉ? ቀንበሩ?» አንዱም አይደለም። ለተገጣጠሙት ነገሮች የወጣ ስም ነው። «ናጋሴና» የሚለውም እንደዚያው።

ሰሞኑን ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ የወረደ፣ በሮቹ የተነቀሉ ሚኒባስ አይቼ መካኒኩን «ይሄ አሁን ታክሲ ነው?» አልኩት። «ዕዳው እስካላለቀ ድረስ ታክሲ ነው» አለኝ።

ቀጥዬ ስኮትላንዳዊውን ዴቪድ ሂዩምን አነበብኩ። በ1739 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ወደ ውስጡ ሲያይ ሙቀትና ብርድ፣ ፍቅርና ጥላቻ እንጂ «እኔ» የሚባል ነገር እንዳላገኘ ይናገራል። «አንድ ናቸው!» ብዬ በቀይ አሰመርኩ።

ቸኩያለሁ። መነኩሴው «እኔ፣ የኔ» ማለትን የሚፈትሹት የስቃይ ሥር ስለሆነ ነው፤ ሊድኑበት ይፈልጋሉ። ሂዩም ግን ጥርጣሬው ሲከብደው ራት በልቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ባክጋሞን የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ተጫውቶ ይረሳዋል። ራሱ ነው የጻፈው። እኔም ብሆን ባክጋሞኑን ነበር የምመርጠው።

«ህንድ» የሚለው ዓምድም አላዋጣም። ኒያያ የሚባሉት የህንድ ሊቃውንት በዚሁ ጉዳይ ቡድሂስቶችን አጥብቀው ሞግተዋል። አንዱን ሙግታቸውን በማንጎ ላሳያችሁ። በዓይኔ ያየሁትን ማንጎ በእጄ ስይዘው «ያየሁት ይሄንኑ ነው» እላለሁ። ዓይን አይዳስስም፣ እጅ አያይም። ታዲያ ሁለቱን ያገናኘው ማነው? እስካሁን ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ይሄን «እኔ» የምለውን ነገር የምጠራበት ቃልም አስቸግሮኛል። መጀመሪያ «ነፍስ» ብዬ ጻፍኩ። ነፍስ ስንል ግን ፍትሐቱም ተዝካሩም ተከትሎ ይመጣል። ሰርዤ «እኔነት» አልኩት፤ እሱ ደግሞ ትዕቢት ትዕቢት ይሸታል። የተሻለ አላገኘሁም።

አሁን ዓምዶቹ የሀገር ስም የላቸውም። አንዱ «ከማን ጋር እየተከራከረ ነው?» ይላል፣ ሌላው «መልሱን ምን ሊያደርግበት ነው?»። ሜናንድሮስም ቦታ አገኘ፤ ከናጋሴና ፊት ለፊት።