ከሞጆ የሚደወለው ስልክ

በአዳማ ባቡር ጣቢያ የመረጃ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው «ባቡሩ መቼ ይደርሳል?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ጣቢያውን ምን አግኝቷችሁ ይህን ያህል አራቃችሁት?» የሚል ነው። ለሁለተኛው መልስ አላጣም። የድሮው ምድር ባቡር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1 ሜትር ስፋት ብቻ ስለነበረው እየተጠማዘዘ ከተማ ውስጥ ዘልቆ ይገባ ነበር፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1.435 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ጥንድ ሆኖ የሚመጣ፣ ከበላዩም 25 ሺህ ቮልት የሚሸከም ሽቦ የተዘረጋበት በመሆኑ ረጋ ያለ መታጠፊያና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ያስረዳሁት ሰው ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «እሱስ ይሁን፤ የባጃጁን ሒሳብ ማን ይከፍለኛል?» ብሎ ነው የሚሄደው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በተመለከተ ግን ትክክለኛው መልስ ለረጅም ጊዜ ይገኝ የነበረው ከእኔ ጠረጴዛ ሳይሆን ከበሩ ውጭ፣ ከአንዲት ሻይ ሻጭ የከሰል ምድጃ አጠገብ ነበር። የባጃጅ ልጆቹ «ማዘር» ይሏታል፤ እኔ ግን በዕድሜዋ ምክንያት «እትዬ» እያልኩ ነው የምጠራት።

ነገሩን ለመረዳት የጣቢያውን ደጅ ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገደኛው ከከተማ በኮንትራት ባጃጅ ይመጣል፤ መታወቂያውንና ቲኬቱን አሳይቶ፣ ሻንጣውን አስፈትሾ ወደ መጠበቂያው አዳራሽ ከገባ በኋላ እንደገና መውጣት ስለማይመቸው ባቡሩ መቅረቡን ሳያረጋግጥ መግባት አይፈልግም። ባጃጁ ደግሞ ከድሬዳዋ ወገን የሚመጣውን ወራጅ ካላገኘ ባዶውን መመለሱ ነው። ቆሎ የምትሸጠው ልጅ፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ውኃ በባልዲ አቀዝቅዞ የሚያዞረው፣ ሁሉም እንጀራው የተንጠለጠለው በባቡሩ ሰዓት ላይ ነው። በወረቀት ላይ የሰፈረው ሰዓት ደግሞ ሐዲዱ ላይ ከብት ሲገባ፣ ኃይል ሲቋረጥ ወይም የጭነት ባቡር ቅድሚያ ሲሰጠው መለወጡ አይቀርም። መስመሩ በዋናነት የወደብ ጭነት ማመላለሻ እንደመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

እኔ የምሠራው የመስተንግዶ አገልግሎት በኮንትራት በሚያቀርብ፣ ስሙን ብጠራው ለማንም በማይጠቅም አንድ ድርጅት ሥር ነው። ይህ ድርጅት አንድ ጊዜ አዲስ ሱፐርቫይዘር መደበልን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለሰላምታ የሚነሣ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሲዘገይ የሚቆረቆር ሰው ነበር። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፤ እሱም «ገጽታ» ነው። በመጣ ሰሞን በሩ ላይ ቆሞ ምድጃውን፣ ጀሪካኑን፣ በየድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን መንገደኛ ሲመለከት ከቆየ በኋላ «ይህ ለጣቢያው ገጽታ አይመጥንም» ብሎ በቼክሊስቱ ላይ አሰፈረ። ሻጮቹ ከአስፋልቱ መታጠፊያ ወዲያ እንዲሄዱ፣ የባቡር ሰዓትን የሚመለከት ማንኛውም መረጃም ከእኔ ጠረጴዛ ብቻ እንዲወጣ የሚል ማስታወሻ አዘጋጀ። ማስታወሻው ላይ ፈርሜ ተቀበልኩ።

ሻጮቹ ገና ሳይነሡ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር የዘገየበት አንድ ቀን መጣ። ወደ ተረኛው ደወልኩ፤ «ጠብቁ፣ እናሳውቃለን» ተባልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ይህንኑ «ጠብቁ፣ እናሳውቃለን» እያልኩ ስደጋግም ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዬ ቆሞ በመልሴ ወጥነት ራሱን እየነቀነቀ ይደሰት ነበር። እንዲህ ሆነን ሳለ ከውጭ ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተነሣ። እናቶች ልጆቻቸውን አዘሉ፤ ብርጭቆ ተመለሰ፤ ሒሳብ ተከፈለ፤ ሰልፍ ፍተሻው ድረስ ተዘረጋ። እኛ ምንም አላወጅንም።

ሱፐርቫይዘሩ ወደ ውጭ ወጣ፤ እኔም የምሥክርነት ያህል ተከተልኩት። የተደረገውን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ባቡሩ መምጣቱን ማን ነገረሽ?» አላት። እናቱ የምትሆን ሴት ናት።

«ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ። ሞጆ የእህቴ ልጅ አለች፤ እዚያ ጣቢያው ደጅ ቆሎ ነው የምትሸጠው። ባቡሩ ሲነሣ ሚስኮል ታደርግልኛለች።»

«ሚስኮል?»

«አዎ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ የሰው ባቡር ነው። ሁለት ጊዜ ከጠራ የጭነት ነው፤ ማንም አይነሣም። ካርድ አይበላም።»

ሱፐርቫይዘሩ ይህን በቼክሊስቱ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚያስገባው ግራ የገባው መሰለኝ፤ እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አወረደው። ከዚያም የማይገባ ጥያቄ ጠየቀ።

«ሦስት ጊዜ ከጠራስ?»

«ሦስት ጊዜ ከጠራማ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ያኔ አነሣዋለሁ።»

የባጃጅ ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደመወዜ አልፈቀደልኝም። ሱፐርቫይዘሩ ግን ድምፁን አስተካክሎ የባቡር እንቅስቃሴ ሥልጣን በሌለው አካል ሊገለጽ እንደማይገባው፣ መረጃው ስሕተት ቢሆን ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ያሰበችበት እንደሆነ በሰፊው አስረዳት። እትዬ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ስታበቃም፣ «ልጄ፣ ሞጆ ላይ ባቡሩን ከብት የሚጠብቀው ሕፃን ሁሉ ያየዋል። እኔ ምኑን ልደብቀው?» አለችው።

በዚህ መካከል የእሱ ስልክ ጮኸ። ከዋናው ቢሮ የመጣ እንግዳ በዚያው ባቡር ተሳፍሮ ወደ ድሬዳዋ ሊሄድ ከከተማው፣ ከፍራንኮ ሰፈር አካባቢ በመኪና እየመጣ ነበርና ይደርስ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ሱፐርቫይዘሩ ወደ እኔ ዘወር አለ። እኔም የፈረምኩበትን ማስታወሻ በማክበር «ጠብቁ፣ እናሳውቃለን ነው የተባልኩት» አልኩት። ስልኩን በእጁ ሸፈነና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ምድጃው ጎንበስ አለ።

«ስንት ደቂቃ ቀርቶታል ይላሉ፣ እትዬ?»

«አንተ ቁጭ ብለህ አንድ ሻይ እስክትጠጣ ነው፤ እንግዳህ ግን ይፍጠን» ብላ ቀዳችለት። ሱፐርቫይዘሩ የምንጊዜም ጠንካራ ድምፁን መልሶ በስልኩ «አዎ፣ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ አረጋግጫለሁ፤ ይፍጠኑ» ሲል ሁላችንም ሰማን። ከሞጆ አዳማ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ባቡር ይህ ምንም አይደለም። እንግዳው ለጥቂት ደረሰ። ሻዩ አልተከፈለም፤ እትዬም አልጠየቀችም።

ከባጃጆቹ አጠገብ ዘወትር የሚቀመጡ አንድ የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። እሳቸው ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም። በድሮው ነጠላ ሐዲድ አንድ ጣቢያ ባቡር ከመልቀቁ በፊት ወደሚቀጥለው ጣቢያ ደውሎ መስመሩ ነፃ መሆኑን ያረጋግጥ እንደነበር፣ የተቀበለውም ጣቢያ መልሶ «ገብቶልኛል» እንደሚል፣ ሰዓቱም በመዝገብ ይጻፍ እንደነበር አጫወቱን። «ይህቺ ሴት የእኛን ሥራ ነው የያዘችው፤ የጎደላት መዝገብ ብቻ ነው» አሉ። ሱፐርቫይዘሩ በአክብሮት አዳመጣቸውና መዝገብ መያዟም ክልክል መሆኑን ነገራቸው።

ሻጮቹ እንደታሰበው ተነሡ። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከበሩ በማይታይ ቦታ ምድጃቸውን ዘረጉ። ሕዝቡም አብሮ ሄደ። አዳራሹ ባዶውን ይውል ጀመር፤ በወንበሮቹ ላይ አቧራ ብቻ ተቀመጠ። ሚስኮሉ ሲገባ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየሮጠ ስለሚመጣ የፍተሻው ማሽን ዘንድ ግፊያ ሆነ፤ አንድ ቀን የአንዲት እናት የቅቤ ዕቃ ወድቆ ወለሉን ስናጥብ አመሸን። በወሩ ሪፖርት ላይ ግን «የመጠበቂያ አዳራሹ ከመጨናነቅ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኗል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሮ አነበብኩ። አንድም ቃል ሐሰት አልነበረበትም። ለሠራተኛው ስለ «የመረጃ ፍሰት» የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠ፤ መረጃ ከምንጩ መገኘት እንዳለበት ተማርን፤ ሻይና ብስኩቱን ያቀረበችው እትዬ ነበረች።

ሱፐርቫይዘሩ በዚያው ሪፖርት ይሁን በሌላ ምክንያት ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውሯል። እኔ ከዚያ ገጠመኝ የያዝኩት ነገር ቢኖር መመሪያን ማክበር ሰውን ከብዙ ጣጣ እንደሚያድን ነው። አሁንም ሰው ሲጠይቀኝ በደንቡ መሠረት «ጠብቁ፣ እናሳውቃለን» እላለሁ። ይህን ስል ዐይኔ ወደ መታጠፊያው የሚሄደው ሳላስብበት ነው፤ መንገደኛውም ዐይኔን ተከትሎ ይሄዳል። ከማስታወሻው ውስጥ ስለ ዐይን የሚናገር አንቀጽ አላገኘሁም።

ሥርዓቱ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። የሞጆዋ ልጅ አግብታ ቢሾፍቱ ገብታለች፤ ቆሎዋንም እዚያው ባቡር ጣቢያ ደጅ ትሸጣለች። ሚስኮሉ አሁን የሚመጣው ከቢሾፍቱ ስለሆነ ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ባቡሩም ሞጆ ላይ ቆሞ ሰው ስለሚጭን የሚደርስበትን ደቂቃ እንደ ድሮው በልበ ሙሉነት መናገር አይቻልም። ጡረተኛው ሰው ሞጆ ላይ ሌላ ታማኝ ሰው መመደብ አለበት ብለው ደጋግመው ይወተውታሉ። እትዬ «እሺ፣ ይታሰብበታል» ትላቸዋለች እንጂ አልቸኮለችም፤ ድሮ አንድ ሻይ ይጠጣ የነበረው መንገደኛ አሁን ሁለት ሻይ ነው የሚጠጣው።