ለጎማ ጠመኔ የገዛሁ ሰው

የፒክአፔን 265/65 አር 17 ጎማዎች አውጥቼ ሰፋና ከፍ ባሉ 285/70 አር 17 ጎማዎች ቀየርኳቸው። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ «ጋሼ፣ ስንት ላድርገው?» ሲለኝ እንደ አዋቂ ጎንበስ ብዬ የጎማው ጎን ላይ ያለውን የንፋስ ቁጥር አነበብኩና «80 ፒኤስአይ ይላል፣ ሙላው!» አልኩት።

«ባዶ መኪና እኮ ነው» አለ።

«ፋብሪካው ካንተ የተሻለ ያውቃል።»

65 ላይ ሲደርስ እምቢ ብሎ ቱቦውን ነቀለው። እግዜር ይስጠው።

ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል ወደ ለገሃር ስንወርድ አክስቴ አጠገቤ ናቸው፤ ጭናቸው ላይ ደግሞ የዚያን ቀን የተገዛች ጀበና። የመጀመሪያው ስፒድ ብሬከር ላይ ሁላችንም ተነስተን ተቀመጥን። ሁለተኛው ላይ የጀበናዋ አንገት አክስቴ እጅ ቀረ፣ ሆዷ ወለሉ ላይ። «ይሄ መኪና ነው በቅሎ?» አሉ።

ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የመጨረሻውን ጭነት ሲሸከም የሚያስፈልገው ንፋስ ነው። የኔ ጎማ የጭነት ቁጥሩ 121 ነው፤ አንዱ ጎማ በ80 ፒኤስአይ 1,450 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ባዶ ፒክአፕ ሁለት ቶን ገደማ ስለሆነ ለአራት ሲካፈል ግማሽ ቶን ነው የሚደርሰው። ሦስት እጥፍ ለሚጠጋ ጭነት የተነፋ ጎማ መሃሉ ይቆዘራል። አስፋልት የሚነካው መሃሉ ብቻ ስለሚሆን በፍሬን ቶሎ አይቆምም፣ መሃሉም ቀድሞ ያልቃል። የመኪናው በር ላይ የተለጠፈው የንፋስ ቁጥርም ከመኪናው ጋር ለመጣው ጎማ የተጻፈ ነው። እንደኔው ያለ ባለ 10 ፕላይ፣ ማለትም ለከባድ ጭነት የተሠራ ጠንካራ ጎማ፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል።

እኔ ግን ጀበናዋ አናድዳኝ በማግስቱ 20 አወረድኩት። አሁን ደግሞ መሪው አልዞርም አለ። እንዲህ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ረጅም መንገድ ላይ የሚፈነዳውም ይኼው ነው።

በመጨረሻ ትክክለኛውን ንፋስ ጎማው ላይ አስምሬ ላገኘው ብዬ ጠመኔ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ «ለስንተኛ ክፍል ነው?» አለኝ። ለጎማ ነው ማለት ከበደኝና «ለአራተኛ» አልኩ።

እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ መኪናው አድሮ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ አራቱንም 40 አድርጌ ወጣሁ። እስጢፋኖስ አጠገብ አቁሜ በየጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አሰመርኩ። መቶ ሜትር ያህል፣ ሜዳውን ይዤ፣ መሪ ሳላዞር ነድቼ ወረድኩና አየሁ። መሃሉ ጠፍቶ ዳርና ዳሩ ነጭ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል፣ 2 ወይም 3 ይቀነሳል። ዳሩ ጠፍቶ መሃሉ ከቀረ አንሷል፣ ይጨመራል። ከዚያ እንደገና ማስመር ነው። ሞተሩ ፊት ስለሆነ የፊትና የኋላው ለየብቻ ነው የሚታየው። አራተኛው ዙር ላይ ተንበርክኬ ሳሰምር ሊያስቀድሱ የሚሄዱ እናት ቆም ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ ጠበል ብትረጨው አይሻልም?» አሉኝ።

ፊቱ 36፣ ኋላው 31 ላይ መስመሩ እኩል ጠፋ። ይህ ለኔ መኪና፣ ባዶውን ነው። ሲነዳ ቆይቶ ቢለካ 4 ወይም 5 ጨምሮ ይገኛል፤ ሙቀት ስለሆነ በዝቷል ብሎ ማስተንፈስ አይገባም፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ያንሳል። በነገራችን ላይ የጎማው ቁመት 7 በመቶ ስለጨመረ ቆጣሪው 60 ሲል በእውነት የምሄደው 64 ነው፤ ለትራፊክ ፖሊስ ይህን ማስረዳት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግማሽ ቶን ሲሚንቶ ልጭን ስለነበር፣ ለኋላው ጎማ እንደገና ጠመኔ አስፈለገኝ። ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ዳስተርም አለን።»