የፈጣን ቼዝ ጌቶችን መክፈቻ ከሰዓታቸው ማንበብ

ለብሊትዝ (ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ለሚሰጥበት ቼዝ) የሚሆን መክፈቻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም ነው። ናካሙራ ቢ3 (ወታደሩን በቢ ዓምድ ሦስተኛው ቤት ላይ ማድረግ) ይጫወታል፣ ቫሺዬ-ላግራቭ ናይዶርፍ የሚባለውን የጥቁር መክፈቻ አይለቅም፣ ካርልሰን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይጫወታል ይባላል። ስም ይዞ መሄድ ግን ሩቅ አያደርስም። ቁም ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው፦ ተጫዋቹ በዚያ መክፈቻ ስንት እርምጃ ሳያስብ ሄደ? የት ላይስ ቆመ? እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ ለ3+2 ጨዋታ መክፈቻዎቼን የመረጥኩት ይህን በመቁጠር ነው። 3+2 ማለት 3 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 2 ሰከንድ የሚጨመርበት ነው፤ የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮናም የሚካሄደው በዚሁ ሰዓት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ጨዋታ ከመሰብሰብ ነው። ማዕረግ ያላቸው ተጫዋቾች ማክሰኞ ማክሰኞ ኢንተርኔት ላይ የሚገናኙበት «ታይትልድ ቲዩስዴይ» ለዓመታት በ3+1 ሰዓት፣ በ11 ዙር ሲካሄድ ስለቆየ ጥሩ ምንጭ ነው። አንድ ተጫዋች ሙሉውን የተጫወተባቸው 18 ውድድሮች ከተያዙ 198 ጨዋታ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ለአንድ ሰው አያስፈልግም። ጨዋታ የሚመዘገብበት የፒጂኤን ፋይል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ 200 ጨዋታ የአንድ ስልክ ፎቶ ያህል እንኳ ዳታ አይበላም። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ማውረድም ሳያስፈልግ የመክፈቻ መመልከቻውን «ተጫዋች» ወደሚለው ቀይሮ የመለያ ስም ማስገባት፣ ቀለም መምረጥ፣ የጨዋታውን ፍጥነት ብሊትዝ ላይ ብቻ መተው ይቻላል።

ከዚያ ማጥራት ይመጣል፤ እኔ መጀመሪያ የዘለልኩትም ይህንን ነው። የ1 ደቂቃ ጨዋታ ሁሉ ይውጣ። ከተመልካች ጋር ለመዝናናት የተደረጉትም ይውጡ። ቀልድ ከቁም ነገር ካልተለየ ቁጥሩ ያሳስታል፤ መጋቢት 2021 (በፈረንጆቹ) ካርልሰንና ናካሙራ ሁለቱም ወደ ቀጣዩ ዙር ማለፋቸውን ካረጋገጡ በኋላ በሁለተኛው እርምጃ ንጉሣቸውን ወደ ኢ2 እና ወደ ኢ7 አውጥተው በአቻ ተለያይተዋል። ይህን መክፈቻ ብሎ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በፒጂኤኑ ውስጥ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን የቀረው ሰዓት ተጽፏል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 180 ሰከንድ ላይ የእርምጃውን ቁጥር ትደምራለህ (በ3+1 ለያንዳንዱ እርምጃ 1 ሰከንድ ስለሚጨመር)፣ ከዚያ የቀረውን ትቀንሳለህ። ለምሳሌ ከ10ኛው እርምጃ በኋላ 2፡55 ከቀረው 190 ሲቀነስ 175፣ 15 ሰከንድ ብቻ ወስዷል ማለት ነው፤ በእርምጃ 1 ሰከንድ ተኩል። ከዚያ አንድ እርምጃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ የቆመበትን ቦታ አክብበው። የዚያ ሰው መክፈቻ በዚያ ጨዋታ ያለቀው እዚያ ላይ ነው፤ መጽሐፍ 20 እርምጃ ድረስ ቢተነትነው ለውጥ የለውም።

ለያንዳንዱ መክፈቻ ሁለት ዓምድ ያዝኩ። አንዱ የሚቆሙበት የእርምጃ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የሚቆሙበት ቦታ ከጨዋታ ጨዋታ መመሳሰሉ። ትምህርቱ የተገኘው ከሁለተኛው ዓምድ ነው። አንዳንድ መክፈቻ ላይ ተጫዋቹ 15 እርምጃ ሳያስብ ይሄዳል፣ ነገር ግን የሚደርስበት ቦታ በየጨዋታው ሌላ ነው። ይህ ፍጥነት የብዙ ዓመት ትዝታ ነው፤ አይቀዳም። ሌላ መክፈቻ ላይ 7ኛው እርምጃ ላይ ይቆማል፣ ግን ሁልጊዜ ያው የወታደር አሰላለፍ ፊት። የሚቀዳው ይህ ነው።

ናይዶርፍ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ማክሲም ቫሺዬ-ላግራቭ በ2021 ዋርሶ ላይ ዱዳን በማካካሻ (አቻ ሲወጡ በሚጨመር ጨዋታ) ረትቶ የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ በጥቁር ናይዶርፍና ግሩንፌልድ መለያዎቹ ናቸው። እኔም ናይዶርፍን ጀምሬ ጣልኩት። ጥቁሩ በ5ኛው እርምጃ ወታደሩን ወደ ኤ6 ከገፋ በኋላ ነጩ በ6ኛው ቢሾፕ ጂ5፣ ቢሾፕ ኢ3፣ ቢሾፕ ኢ2፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ኤፍ3፣ ኤፍ4፣ ጂ3፣ ኤች3 ከማለት ማንንም አይጠይቅም። ስምንት በር ነው፤ ለያንዳንዱ ሌላ ቁልፍ። ተጋጣሚህ አንዷን ብቻ ያውቃል፣ አንተ ስምንቱን። ካርልሰንም በ2018 ለንደን ላይ ከካሩዋና ጋር 12ቱ ጨዋታ ሁሉ አቻ አልቆ ማካካሻውን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ የተጫወተው ስቬሽኒኮቭ በዚያው ግጥሚያ ሲያጠናውና ሲፈትነው የቆየ የጥቁር መክፈቻ ነው። ከሥራ መልስ የሚጫወት ሰው ያንን ስንቅ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛውን ዓይነት ለማስረዳት የአገራችንን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን የሚያህል የለም። የድሮው ሰንጠረዥ የሚከፈተው በ«ወረራ» ነው፦ ተራ የለም፣ ሁለቱም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንደየፍጥነታቸው ያሰልፋሉ። እጅ የለመደውን ቅርጽ ይሠራል፣ ዓይን ግን ማዶ ነው። በብሊትዝ ቢ3 ወይም ሎንዶን የሚባለውን የነጭ መክፈቻ የሚጫወት ጌታ የሚያደርገው ይኸው ወረራ ነው። አብዛኞቻችን የምንቀዳው ግን የእጁን ሥራ ብቻ ነው፤ የምንሸነፈውም ለዚህ ነው።

በነጭ የያዝኩት ቢ3 ነው። ኢ5 ከመጣ ቢሾፑ ቢ2 ይቆምና ወታደሯን ያነጣጥራል፤ ፈረሱ ሲ6 ወጥቶ ሲጠብቃት ኢ3 ብዬ ሌላውን ቢሾፕ ቢ5 ላይ አመጣለሁ። ዛቻው ግልጽ ነው፦ ሲ6 ያለውን ጠባቂ በልቶ ኢ5ን መውሰድ። ጥቁሩ ቢሾፑን ዲ6 አድርጎ ቢከላከል ፈረሴ በኤ3 በኩል ሲ4ን ይመለከታል፤ እዚያ ከደረሰ ዲ6ንም ኢ5ንም ይነካል። ሙሉ ዕቅዱ ይህችው ናት፣ በ5 እርምጃ ውስጥ የምታልቅ።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ፈረሱን ቸኩሎ ኤፍ3 ላይ በማውጣት ነው። የኢ5 ወታደር ወደ ኢ4 ይገፋና ፈረሱን ያባርረዋል። በስሙ መክፈቻው የሚጠራበት ቤንት ላርሰን ራሱ በ1970 ቤልግሬድ ላይ በ4ኛው እርምጃ ይህንኑ አድርጎ በስፓስኪ በ17 እርምጃ ተሸንፏል። ወታደሩ ኢ5 ላይ እስካለ ድረስ ፈረሱ በኢ2 በኩል ይውጣ።

በጥቁር ደግሞ ሲ6 እና ዲ5፤ ለኢ4 ካሮ-ካን፣ ለዲ4 ስላቭ። ሁለት በሽታ በአንድ መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን ያመመኝ እዚሁ ላይ ነው። ካሮ-ካን ላይ ቢሾፑን ወደ ኤፍ5 ማውጣት የለመደ እጅ ስላቭ ላይም ያንኑ ያደርጋል። ዲ4 ዲ5፣ ሲ4 ሲ6፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6፣ ፈረስ ሲ3፤ አሁን ቢሾፕ ኤፍ5 ከተባለ ነጩ ዲ5 ላይ ወታደር ይለዋወጥና ንግሥቱን ቢ3 ያቆማል። ቢ7 ባዶ ቀረ፣ ዲ5ም ተጨነቀ። ንግሥት ቢ6 ብሎ መመለስ ፈረሱ ዲ5ን እንዲበላ ይጋብዛል፤ ንግሥቱን ብትበላበት ኤፍ6 ያለውን ፈረስህን በቼክ ይበላና ቀጥሎ ንግሥቱን ያስመልሳል፣ አንድ ወታደር ሄደ። ከዚህ ሁሉ ቢሾፑን አፍሮ ወደ ሲ8 መመለስ ይሻላል።

ካሮ-ካን ራሱ ውስጥ ያለውን አንድ ጉድጓድ ደግሞ ቦርድ አውጥታችሁ አሰልፉት። ኢ4 ሲ6፣ ፈረስ ሲ3 ዲ5፣ ፈረስ ኤፍ3። ነጩ ዲ4 ሳይገፋ ሁለት ፈረስ አወጣ። እጅህ እንደለመደው ኢ4ን በልቶ፣ ፈረሱ ሲመልስ ቢሾፕ ኤፍ5፣ ፈረስ ጂ3 ቢሾፕ ጂ6፣ ኤች4 ኤች6 ይላል። ዲ4 ተገፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ትክክል ነበር። አሁን ግን ኤፍ3 ያለው ፈረስ ወዲያው ኢ5 ይዘላል፣ ቢሾፑ ኤች7 ይሸሻል፣ ንግሥቱ ኤች5 ትመጣና ኤፍ7 ላይ ማት ትዝታለች። ጂ6 ብለህ ስታባርራት አትሸሽም፤ ቢሾፕ ሲ4 ይላል። ንግሥቱን ብትበላት ቢሾፑ ኤፍ7 ላይ ማት ነው፣ ምክንያቱም ኢ5 ያለው ፈረስ ኤፍ7ንም ዲ7ንም ይዟል። ኢ6 ብለህ ብትተርፍም ንግሥቱ ኢ2 ትመለሳለች፣ አንተ የተቀደደ አጥር ይዘህ ትቀራለህ። መድኃኒቱ 3ኛው እርምጃ ላይ ነው፦ ሁለት ፈረስ ስታይ ቢሾፑ ጂ4 ይውጣ፣ ኤፍ3 ያለውን ፈረስ ይሰር። በማጥኛ ካርዴ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፣ «ሁለት ፈረስ፣ ጂ4»።

ፕሪሙቭ፣ ማለትም ተጋጣሚ ሳይጫወት የራስን ቀጣይ እርምጃ ቀድሞ ማዘዝ፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሊቼስ ላይ ፕሪሙቭ ምንም ሰከንድ አይወስድም፣ ቼስ ዶት ኮም ላይ 0.1 ሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጌቶቹ መክፈቻ ላይ ይጠቀሙበታል፣ እኛም እንቀዳለን። የሚያርዱትን አራቱን ልጥቀስ። ሎንዶን ለመጫወት ዲ4 ብለህ ቢሾፕ ኤፍ4ን ፕሪሙቭ ካደረግክ፣ ተጋጣሚው ኢ5 ቢል ወታደሩ ቢሾፑን በነጻ ይበላዋል። በጥቁር ጂ6 ብለህ ቢሾፕ ጂ7ን ፕሪሙቭ ካደረግክ፣ ነጩ ሆን ብሎ ቢሾፑን ኤች6 ያስቀምጥልሃል፤ መብላት ሲገባህ ጂ7 ትወጣለህ፣ እሱ ይበላህና ሩኩም ይከተላል። ቢ3ም በፈረስ ኤፍ3 ጀምረህ በሁለተኛ እርምጃ ካመጣኸው፣ ጥቁሩ በጂ6 እና ቢሾፕ ጂ7 ቀድሞ ሰያፉን ስለያዘ ፕሪሙቭ የተደረገው ቢሾፕ ቢ2 ቢሾፕም ሩክም ያስከፍላል፤ ለዚህ ነው ቢ3 የመጀመሪያ እርምጃ ላይ ብቻ የምጫወተው። አራተኛው ያረጀ ነው ግን ዛሬም ይሠራል፦ ካሮ-ካን፣ ፈረስ ኢ4 ላይ ሲበላ ጥቁሩ ፈረስ ዲ7፣ ነጩ ንግሥት ኢ2። አሁን ሌላውን ፈረስ ኤፍ6 ፕሪሙቭ ያደረገ ሰው በፈረስ ዲ6 ማት ይሆናል፤ የኢ7 ወታደር በንግሥቱ ስለታሰረ መብላት አይችልም።

ደንቤ አጭር ነው። የመጀመሪያዋን እርምጃ በፕሪሙቭ፣ ከዚያ ወዲህ መብላትን በመብላት መመለስ ሲሆን ብቻ በፕሪሙቭ። ቀሪውን በዓይን።

የካርዱ ልምምድ በቀን 15 ደቂቃ ነው። 10 ቦታ በካርድ ላይ፣ በእንጨት ቦርድ እያሰለፍኩ፤ ስልክ ላይ ብቻ ያጠና ሰው ቅርጹን በጣቱ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። ከዚያ 12 ጨዋታ በአንድ መክፈቻ ብቻ እጫወትና ከያንዳንዱ ላይ አንድ ቁጥር እመዘግባለሁ፣ እስከ 10ኛው እርምጃ የወሰደብኝን ሰከንድ። ከ20 በታች ከሆነ መክፈቻው ገብቷል። ከ40 በላይ ከሆነ፣ ባሸንፍም፣ ያሰበበኝን ቦታ ካርድ አድርጌ እጨምራለሁ። ማሸነፍና መሸነፍን በዚህ ደረጃ አለመቁጠሬ በብዙ ጠቅሞኛል፤ በብሊትዝ ጨዋታው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው።

ስለ አገሩ ሁለት ነገር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ማታ የደነዘዘ ጣት ጠጠሩን ከታለመው ቤት አጠገብ ይጥላል፤ የሻይ ብርጭቆ ጨብጦ ሳይሞቁ መጀመር ከንቱ ነው፤ እየጎተቱ ከማንቀሳቀስ ይልቅ መነሻና መድረሻውን መንካት ስህተቱን ይቀንሳል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ በተለይ ወደ መንዝ ወጣ ሲባል፣ 3+0 አይሞከርም፤ ጭማሪ ሰከንዱ መዘግየቱን ይሸፍናል። ጨርሶ ከሌለም የሊቼስ መተግበሪያ ውስጥ ያለው ስቶክፊሽ የተባለ የቼዝ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ካርዶቹን በእሱ ላይ መፈተን ይበቃል።

በእንጨት ቦርድና በሰዓት ስትቀመጥ ከዚህ ውስጥ ፕሪሙቩ ሁሉ ይቀራል፣ ሌላ ጣጣ ይተካል። ሰዓቱ የሚመታው ጠጠሩን ባነሳው እጅ ነው። በብሊትዝ ሕገ ወጥ እርምጃ ለተጋጣሚህ 1 ደቂቃ ያስጨምራል፣ ሁለተኛው ያሸንፍሃል። ካስል (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ ማዘዋወር) ስታደርግ በአንድ እጅ፣ ንጉሡን ቀድመህ ነው። ስልክ የለመደ ሰው ቸኩሎ ሩኩን ቀድሞ ከነካ በዚያ በኩል በዚያ እርምጃ ካስል ማድረግ ተከልክሏል፣ የነካውን ሩክ ያንቀሳቅሳል።