ነጩ ለምን ነጭ አልሆነም? የቀለም ጥልቀት መቀየሪያ ስጽፍ የገጠመኝ

ባለ 24 ቢት ፎቶን ወደ 16፣ ከዚያ ወደ 8 ቢት የሚያወርድ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ቢት 0 ወይም 1 የሚይዝ አሃዝ ነው፤ በ24 ቢት ፎቶ የእያንዳንዱ ነጥብ (ፒክሰል) ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ 8፣ 8 ቢት ይይዛሉ፣ ከ0 እስከ 255 ማለት ነው። ይህን የሚሠራ ዝግጁ መሣሪያ ሞልቷል፤ እኔ ግን ውስጡን ማየት ፈለግኩ።

16 ቢቱን ናቅኩት። ለቀይ 5፣ ለአረንጓዴ 6፣ ለሰማያዊ 5 ቢት ነው። አረንጓዴ አንድ የተጨመረለት ዓይናችን ለእሱ ይበልጥ ስለሚነቃ ነው። ትርፍ ቢቶቹን ቆርጬ ጣልኩና አለቀ አልኩ። ምስሉን ወደ 24 ቢት ስመልሰው ግን ነጩ ደብዘዝ ብሏል። ግማሽ ቀን በላብኝ። ለካ በ5 ቢት ትልቁ ቁጥር 31 ነው፤ የጣልኳቸው 3 ቢቶች በዜሮ ሲሞሉ በ8 እንደ ማባዛት ነውና 248 ላይ ይቆማል፣ 255 አይደርስም። አረንጓዴው ደግሞ 252 ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ነጬ በቁጥር ሲታይ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር! መፍትሔው ባዶ በቀሩት ቦታዎች ላይ የራሱን የላይኛ ቢቶች መድገም ነው። 31 ወደ 255 ይሄዳል፣ 0 እዚያው 0 ይቀራል።

8 ቢት ሌላ ጣጣ ነው። ያለህ 256 ቀለም ብቻ ነው። መጀመሪያ 3፣ 3፣ 2 ብዬ ቢቶቹን አከፋፈልኩ፤ ሰማዩ ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ እንደ ደረጃ በቀለም ተከፋፈለ። ከዚያ ፓሌቱን፣ ማለትም የ256ቱን ቀለሞች ዝርዝር፣ ከራሱ ከፎቶው ማውጣት ጀመርኩ። ቀለሞቹን ሁሉ እንደ አንድ ሳጥን ታያለህ፣ በረጅሙ ጎኑ መሃል ላይ ለሁለት ትከፍለዋለህ፣ 256 ሳጥን እስኪሞላ ትቀጥላለህ፣ የየሳጥኑን አማካይ ትወስዳለህ። በጣም ተሻለ፤ ደረጃው ግን ጨርሶ አልጠፋም።

እሱን ያጠፋልኝ የፍሎይድና ስታይንበርግ ዘዴ ነው፤ 1976 የወጣ ነው። አንድ ፒክሰል ሲጠጋጋ የተፈጠረው ስሕተት ለጎረቤቶቹ ይከፋፈላል፦ ለቀኙ 7/16፣ ለታች ግራው 3/16፣ ለታቹ 5/16፣ ለታች ቀኙ 1/16። ስጽፈው ደመናው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ረጨብኝ። ስሕተቱ ሲደመር ቁጥሩ ከ255 አልፎ ወደ 0 ይዞር ነበር። ከ0 በታችና ከ255 በላይ እንዳይሄድ ስገድበው ጠፋ።

አይከን ላይ ግን ዘዴውን አጥፍቼዋለሁ። አንድ ወጥ ቀለም ያለው ቦታ ላይ ነጠብጣቡ ያስጠላል፤ ፋይሉም ያብጣል፣ ምክንያቱም ፋይሉን የሚያሳንሰው መጭመቂያ የሚወደው ድግግሞሽ ይበተናል።

አሁን የቀረኝ አንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ከቀኝ ወደ ግራ ማስኬድ ነው። ጥላው ላይ የሚታየኝን ትል የመሰለ መስመር ይቀንሰዋል ይባላል። የሞከረ ካለ ይንገረኝ።