ወክ መብላት ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ

የጀመርኩት ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የኔ ኑሮ ግን ከቢሮ ወንበር ወደ ታክሲ ወንበር፣ ከታክሲ ወንበር ወደ ሶፋ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ስወጣ ልቤ ከበሮ ሆነ። በቃ፣ ወክ እበላለሁ አልኩ። (ዕቁብ ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ወክም ይበላል፤ አማርኛችን የማይበላው ነገር የለም።)

ከመካከላችሁ ተራራ የምትወጡ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ «ቀላል ነበር» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም። የኔ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ቆም ብሎ ማየት፣ ሲደክም ማኪያቶ ማዘዝ ነው። ይሄም ቢሆን ልምድ ይፈልጋል። ብዙ ተሳስቼ ነው ትንሽ የለመድኩት፣ እሱን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቁጥር ነው። ስልኬ ላይ እርምጃ የሚቆጥር አፕ ጫንኩና በቀን 10,000 ብዬ ተነሳሁ። መንገዴ ከቀበና በግንፍሌ ድልድይ አድርጎ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ መልስ። ዓይኔ ከስልኩ አይነቀልም። አንድ ማታ እህቴ «ዛሬስ ምን አየሽ?» ስትለኝ «8,740» አልኳት። ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ ከዚያ ሁሉ መንገድ ውስጥ አንድም የማስታውሰው ነገር አልነበረም። በኋላ ሳነብ ደግሞ ይቺ 10,000 የምትባለው ቁጥር ከሐኪም የወጣች አይደለችም። በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለ የእርምጃ መቁጠሪያ ነበር፣ ስሙ ማንፖ-ኬይ፣ ትርጉሙም «የ10,000 እርምጃ መለኪያ»። ማስታወቂያ ናት እንግዲህ! ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጥር ስጠራጠር የምውል ሰው ይቺን ሳልጠይቅ መቀበሌ አበሸቀኝ። መራመድ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ቁጥሯ ግን ከእንግዲህ አትነዳኝም ብዬ አፑን አጠፋሁት።

ሁለተኛው ጫማ ነው፣ ይሄን ላሳጥረው። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ረጅም መንገድ አትውጡ። ኅዳር ላይ ስኒከር ገዛሁ፣ በማግስቱ ከለገሃር የቸርችልን አቀበት ይዤ ፒያሳ ወጣሁ፣ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ ሳምንቱን በነጠላ ጫማ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ አየና ዝም አለ። ዝምታው ነው የከፋው።

ታኅሣሥ ላይ እንጦጦ ትዕቢቴን አስተነፈሰልኝ። እሑድ በማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ ጀመርኩ። ሸማ ሻጮቹ ገና ሱቃቸውን እየከፈቱ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው፤ ይሄን በወረቀት ማወቅና በሳንባ ማወቅ ይለያያል። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለከልክ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ቁልቁል መጡ። ጀርባቸው ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከቁመታቸው ይረዝማል፣ ወገባቸው ተቆልምሟል፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ጫማ ነው። እኔ እጄ ላይ ያለው የውሃ ጠርሙስ ብቻ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ደርሰሻል» አሉኝ። ሳይቆሙ አለፉ።

ላይ ስደርስ የምኒልክን የድሮ ቤተ መንግሥት አየሁ። ቤተ መንግሥት ሲባል የምታስቡትን እርሱት፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የእንጨት ምሰሶ፣ ዝቅ ያለ በር ነው። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እዚያ ቆሞ ቁልቁል ከተማውን ሲያዩት ምኒልክና ጣይቱ ለምን እንደወረዱ ይገባል፤ ላይ ብርድ፣ ታች ፍልውሃ። ማገዶም ከዙሪያው እያለቀ ነበር፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በዚሁ ጣጣ ነው። እናትየዋ የተሸከሙት ጭራሮ እንግዲህ የዚያ መዘዝ ነው፣ ወይም በረከት፣ እንደምታዩት። ፎቶ አላነሳኋቸውም። እኛ እግር ልናፍታታ የምንወጣበት መንገድ ለእሳቸው የእንጀራ መንገድ ነውና ልታነሱ ካማራችሁ መጀመሪያ ጠይቁ።

ይሄ ሁሉ ግን ገና ወክ አልነበረም። ወክ የገባኝ ሐረር ነው።

የካቲት ላይ ለሥልጠና ተላክሁ፣ አምስት ቀን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንለቀቃለን፣ ከዚያ እስኪመሽ የራሴ ነኝ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ትንሽ ናት፤ ግንቡ ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፣ ለአፑ ምሳ እንኳን አይሆንም። ውስጧ ግን 82 መስጊድ፣ ከመቶ በላይ የአውሊያ (የሙስሊም ቅዱሳን) ቦታ፣ ቁጥራቸው የሚያደናግር ጠባብ ጠባብ መንገዶች። በ2006 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧታል።

የመጀመሪያ ቀን በድሮ ዐመሌ ገባሁ። ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር ቁልቁል፣ ቶሎ ቶሎ። መኪና ግርግር ሲባል መኪና የሚርመሰመስበት መስሎኝ ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው ለካ። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎቹ ተደርድረው ስንጥቅ በምታህል መንገድ ላይ ያንን ድምፅ ያወርዱታል። ከዚያ ወደ ግራ ታጠፍኩ፣ ሮዝ ግድግዳ፣ አረንጓዴ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ግድግዳ፣ የተቆላ ቡና ሽታ፣ እንደገና ሮዝ ግድግዳ (ያው የቅድሙ ይሁን ሌላ እንጃ) እና ጠፋሁ። አንዲት ሴትዮ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ምን አጥተሽ ነው እህቴ?»

«መውጫውን።»

«ቁልቁል ያዢ፣ ግንቡን ስታገኚ እሱን እየነካሽ ሂጂ። በር አታጪም።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። በእጄ ድንጋዩን እየዳሰስኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ። ከግንቡ ግርጌ፣ ከመሬት እኩል፣ አንድ ቀዳዳ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ሳሰላው ልጅ ይሾልካል፣ ትልቅ ሰው አይሾልክም። የድንጋዩ ጠርዝ ብዙ ነገር ሲታከከው እንደኖረ ልስልስ ብሏል፣ አንድ አጥንት አጠገቡ ወድቋል። ኳስ የሚጫወት ልጅ ጠራሁና ምንድነው አልኩት። «የጅብ በር ነው» አለኝ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል በሚል ፊት። በሐረሪ ቋንቋ ወራባ ኑዱል ይሉታል። ጅቦቹ ማታ በዚያ ገብተው የተጣለውን ለቃቅመው፣ ከተማውን አጽድተው ይወጣሉ። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ጠላት እንዳይገባ የተሠራ ግንብ ለጅብ በር አለው። እዚያ ቁጭ ብዬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ልጁ ግን ሁለት ጊዜ ጎል አግብቶ ተመልሶ መጥቶ «እስካሁን አለሽ?» ብሎኛል።

ማታ ፈላና በር በኩል የጅብ ምገባውን ሄጄ አየሁ። ጥሩ ነው፣ ፈረንጆቹም ይጮኻሉ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀዳዳዋ በለጠችብኝ። ምገባው ሰው ሊያየው ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ቀዳዳዋን ግን ራሴ ነኝ ያገኘኋት።

በማግስቱ ለራሴ አንድ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ጥያቄው በሮቹ ነበሩ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ አምስት ናቸው፣ መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በኋላ የተከፈተ ነው። አምስቱን በዚያው ከሰዓት ጨረስኳቸው። በሦስተኛው ቀን ጥያቄዬ ቀለም ነበር፣ በአራተኛው ከዳቦ በቀር ምንም አላገኘሁም፣ ዳቦው ግን ትኩስ ነበር።

ከሐረር ስመለስ ያገሬ መንገድ ለምን አሰልቺ እንደሆነብኝ ገባኝ። ሐረር ላይ እጠይቃለሁ፣ ቀበና ላይ አውቀዋለሁ ብዬ አልፋለሁ። ስለዚህ እዚሁ ከተማ ላይም በአንድ ወክ አንድ ጥያቄ አልኩ። መጋቢት ሙሉውን የያዝኩት ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ጣልያን ከነካው ነገር የትኛው ተመለሰ?

ከለገሃር ይጀምራል (ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ «ባቡር ጣቢያ» ማለት ነው)። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እዚያ ነው። ጣልያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ከዚያ ያቺን ተረከዜን የላጠችኝን የቸርችል አቀበት፣ በአሮጌ ጫማ። ፒያሳ ላይ ምኒልክ። በ1930 እ.ኤ.አ. የቆመ ነው፣ ጣልያን አውርዶ ቀበረው፣ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ስንት ዓመት በስሩ ያለፍኩ ሰው ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ብቻ እንደቆመ ልብ ያልኩት በዚህ ወክ ነው። ፒያሳ ያው እንደምታውቁት ተለውጣለች፤ በ2016 ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ለኔ ዓይነቱ ተራማጅ ምቹ ነው፣ ማታም መብራት አለው። ቆሜ የማያቸው ሰገነቶች ግን የሉም። ምቾቱን እየወደድኩ ሰገነቶቹን እናፍቃለሁ፣ ሁለቱንም።

ከዚያ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ። እዚህ ጋ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው የየካቲት 12ን ሐውልት ብቻ አየሁ። በሁለተኛው ዞሬ ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች አየሁ፣ ዩጎዝላቮች የቀረጹት ነው፣ አንድ ዙር ብቻ አይበቃውም። በሦስተኛው ፊት ለፊቱ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባሁ። ድሮ የኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፣ ውጪ ያለው ሐውልት የተከተለው እልቂት መታሰቢያ ነው። አሁን ሙዚየም ከሆነው ቤተ መንግሥት ፊት ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ ደረጃ አለ። የትም አያደርስም። ጣልያኖች የሠሩት ነው፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ላለው እያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ጫፉ ላይ ምን ተቀምጧል መሰላችሁ? ትንሽዬ የይሁዳ አንበሳ። ከነፃነት በኋላ የተቀመጠ ነው። ሳያፈርሱት፣ ጫፉ ላይ ቁጭ! በዚህ ያህል ሐሞት የተቀለደ ቀልድ አላውቅም፣ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ፣ አንድ ተማሪ ዞር ብሎ አየኝ።

ስለ ብቻ መሄድ ከተነሳ፦ ሴቶች ስትጠይቁኝ የምለው ማለዳ ከአሥራ ሁለት ተኩል በኋላ፣ ማታ ከመጨለሙ በፊት ነው። ስልክ ከውስጥ ኪስ፣ የታክሲ ብር ለብቻ፣ ቆሎ በሌላኛው ኪስ። ጆሮ ማዳመጫ ተውኩ፤ ለደህንነቱም ነው፣ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ አይሰማም። ቆሞ ግድግዳ ማየት መጀመሪያ ያሳፍራል። «እቃ ጠፋሽ እንዴ?» ይሏችኋል። አዎ በሉና ጠይቁ፣ ከዚህ የተሻለ ወሬ መጀመሪያ የለም።

እድገቴን በቁጥር ካላችሁኝ ሦስተኛ ፎቅ አሁን እያወራሁ እወጣለሁ። ውድድር አያስገባኝም፣ ግን ለኔ ይበቃል። ያልተሳካልኝም አለ። ሚያዝያ ላይ ማስታወሻ ደብተር ይዤ መውጣት ጀምሬ ነበር፣ እየጻፍኩ ማየት አቃተኝ፣ ተውኩት። አሁን ማታ ለእህቴ ነው የምነግራት። እሷ ካልገባት በደንብ አላየሁትም ማለት ነው።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጀመረ። ወክ ይቆማል ብዬ ነበር፤ ያልጠበቅኩት ግን እህቴ ራሷ ጥያቄ አመጣች። «ግንፍሌ ግንፍሌ ትላላችሁ፣ ወንዙ ሲገነፍል የት ድረስ ነው የሚደርሰው?» አለችኝ። ዕድሜ ልካችንን በዚያ ድልድይ ስናልፍ አንዳችንም ቆመን አይተን አናውቅም። ትናንት ሌሊት ሲያወርደው አደረ። ጃንጥላ አለን፣ ቦቲ ከጎረቤት ተውሰናል፣ ነገ ጠዋት ድልድዩ ላይ ነን።